ቀይ ክር የታሰረበት ድስት ይዤ ወደ ልደታ

ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራን ክፍል ውስጥ «ክረምቱን የት አሳለፍሽ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ እኔም «ዘመድ ጥየቃ» ብዬ ማለፌ አይቀርም። ስለዚህ እውነቱን እዚህ ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ስትወጡ መርካቶ ገብታችሁ፣ ሐኪም ቤት ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ፤ ልደታን በባቡር መስኮት እንኳ ያያት ያለ አይመስለኝም። እውነቱን ለመናገር ሄዶ የሚታይ ብርቅ ነገር የለባትም። እኔ ግን የተወለድኩት እዚያ፣ ጌጃ ሰፈር ነው። የሄድኩትም ለአንዲት አሮጊት ከሠላሳ ዓመት በላይ የደበቅኳቸውን ነገር ልነግራቸው ነው።

ሰኞ

እናቴ አምና አርፋ ዕቃዋን ሳነሳ ከአልጋዋ ሥር አንድ መካከለኛ ድስት አገኘሁ። አንደኛው ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ክሩ ደብዝዟል፤ እንዳየሁት ግን አወቅሁት። የእትዬ ዘሀራ ድስት ነው። የእትዬ ዘሀራ የምንለው እሳቸው ስለገዙት አይደለም፤ የገዛችው እናቴ ናት። እትዬ ዘሀራና ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች፣ እኛ ክርስቲያኖች፣ ግድግዳችን ደግሞ አንድ ነበር። ድግስ ሲኖር ጋሽ ሰይድ በእጃቸው ያረዱት በግ ለብቻው በዚህ ድስት ይሠራል። ሌላ ሥጋ አይነካውም። የምትሠራው እናቴ ናት፤ እነሱም ቃሏን አምነው ይበላሉ። «ብሉ፣ የናንተው ነው» ካለች በቃ፣ ማንም ወደ ማጀት ዞር ብሎ አያይም።

ያን ድስት በዘንቢል ይዤ ማለዳ መናኸሪያ ወረድኩ። የአውቶቡሱ ረዳት ዘንቢሌን ሊነጥቀኝ እጁን ዘረጋ።

«እናት፣ ዕቃ ላይ ይጫናል።»

«ይኸ አይጫንም፣ እግሬ ሥር ይሆናል።»

«ወርቅ ነው እንዴ?»

«ድስት ነው» አልኩት። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ዝዋይ ላይ ለቁርስ ቆምን። ጾመ ፍልሰታ ስለነበር እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። አጠገቤ የነበረችው ወጣት እናት ልጇን ጭኔ ላይ አስቀምጣ «ያዢልኝማ፣ መጣሁ» ብላ ወረደች። አዲስ አበባ ወደ ማን እንደምሄድ፣ ስሜ ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ሰው ሁሉ ገባ፣ እሷ የለችም። ሕፃኑ የሻርቤን ጫፍ ይጠባል፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። «ሰው ቀርቷል! እናቱ ቀርታለች!» እያልኩ ስጮህ ሙዝ ይዛ እየሮጠች መጣች። ልጇን ስትቀበለኝ እንደ ምስጋና አንድ ሙዝ ሰጠችኝ እንጂ የደነገጠ ፊት አላየሁባትም። እኔ ነኝ የደነገጥኩት።

ከዚያ በኋላ እስከ ሞጆ ድረስ ሳስብ የነበረው የራሴን ቤት ነው። ሐዋሳ ያለው አጥሬ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል፤ ታውቁታላችሁ፣ ስትመጡ ትስቁበታላችሁ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉትን ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በመኪናቸው ድምፅ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ የሄድኩበት ሐኪም ግፊቴን ለክቶ «ሐሳብ ቀንሺ» አለኝ። ሐሳብ እንዴት እንደሚቀነስ ግን አልነገረኝም።

ቃሊቲ ስንደርስ ዝናብ ተቀበለን። የኛ ሐዋሳ ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው ይሞቃል፤ የአዲስ አበባ ነሐሴ ግን ዝናቡ ቢያባራም ብርዱ አይለቅም። ልደታ ማርያም አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ መታወቂያዬን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ከበላይዋ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ተለጥፏል። የክፍሌ በር ሦስት መቀርቀሪያ ነበረው። ሦስቱንም ዘግቼ ተኛሁ፣ ያም ሆኖ ያው እንደ ቤቴ ስገላበጥ አደርኩ።

ማክሰኞ

የልደታ ማርያም ደወል ቀሰቀሰኝ። ሳልነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ድምፁ አልተለወጠም፤ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር በተኛሁበት አልጋ የሰማሁት ራሱ ነው። ዕንባዬ መጣ። ከዚያ ተነስቼ በሩን ልከፍት ብል መካከለኛው መቀርቀሪያ ነክሶ እምቢ አለኝ። ሌባ እንዳይገባ የተሠራው እኔን አላስወጣ አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል በሩን ስደበድብ ቆይቼ የጽዳት ሠራተኛዋ በውጭ በኩል በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችልኝ። «እኛ እኮ እሱን አንዘጋውም» አለችኝ።

ግቢያችን የነበረበት ቦታ መንገድ ሆኗል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የመንገድ መብራት፣ ሳር። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የአልጋችን ቦታ የት ጋ እንደነበር ልገምት ሞክሬ አቃተኝ። ቧንቧው እዚህ፣ የጋሽ ሰይድ የልብስ ስፌት መኪና እዚያ እያልኩ ስዞር አንድ ጥበቃ «እህት፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «ቤት» ልለው ነበር፤ «ምንም» አልኩት።

ካልፈረሰው የጌጃ ሰፈር መንደር ገባሁ። እዚያ ቅያሱ ያው ጠባብ ነው፣ ጭቃውም ያው። ሦስተኛው ቅያስ ላይ ጫማዬ ከዳኝና በቁመቴ ተዘረርኩ። ዘንቢሉ ተገለበጠ፣ የድስቱ ክዳን ቁልቁለቱን እየተንከባለለ ሄዶ አንድ ብየዳ ቤት ገባ። ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ በያጅ ክዳኑን ይዘው ወጡ። እኔን ደግፈው አነሱኝ፣ ውሃ አምጥተው እግሬን አስታጠቡኝ፣ ከዚያ ድስቱን አንስተው የተጨረመተውን ጎኑን በመዶሻ ቀስ እያሉ ያቃኑት ጀመር። ሲያዞሩት ክሩን አዩት።

«ይኸ የኛ ድስት ነው» አሉ። የራሳቸው ማለታቸው አልነበረም፣ የሙስሊም ማለታቸው ነው። «ማን ቤት ይሠራበት ነበር?»

«እናቴ። ወይዘሮ አስካለ ይባሉ ነበር። የእትዬ ዘሀራ ጎረቤት ነበርን።»

«የልብስ ሰፊው የሰይድ ሚስት? አስካለን አላውቃትም እንዴ! ነይ ላድርስሽ።» ከድር እባላለሁ ብለው መዶሻቸውን ጥለው ተነሱ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውስጡ የሰው ብረት ሞልቷል።

«ሱቁን ማን ያይልዎታል?»

ጥያቄው ያልገባቸው ይመስል አዩኝ። «ሰፈሩ አለ አይደል!» አሉና ቀድመውኝ ሄዱ።

እትዬ ዘሀራ ወደ ጠመንጃ ያዥ በሚወስደው በኩል በአንዲት ሁለት ክፍል ቤት ከልጃቸው ከሰሚራ ጋር ይኖራሉ። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ገና በሩ ላይ ቆሜ ሳልናገር «አረማመዷ የአስኩ ነው፣ ማናት?» አሉ። ገነት ነኝ ስላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ከእናቴ ሞት በኋላ የመጀመሪያችን ስለሆነ መጀመሪያ ተላቀስን። ጋሽ ከድርም በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጠረጉ። ልቅሶው ሲበቃን እትዬ ዘሀራ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወዲያው ወደ ቁጣ ዞሩ።

«ሻንጣሽስ?»

«ፔንሲዮን ይዣለሁ።»

«ምን?! ሆቴል? እኔ ሞቻለሁ? ወላሂ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል! ሰሚራ፣ ተነሺ፣ ሂጂና ሻንጣዋን አምጪ!»

ሰሚራ ሥራ ውላ መድከሟን አይቼ አብሬያት ሄጄ አመጣን። ስንመለስ ራት እየተሰናዳ ነው። እትዬ ዘሀራ ሰሚራን ከቁምሳጥኑ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ድስት አስወረዷት። ጆሮዋ ላይ ነጭ ክር ታስሯል።

«የአስኩ የጾም ድስት ናት» አሉኝ። «ቅቤም ሥጋም ነክቷት አያውቅም። አስኩ ሐዋሳ ከሄደች ማንም አልሠራባትም፣ ትጣል ቢሉኝም አልጥል ብዬ። ሽሮ እሠራልሻለሁ፤ ሳትሳቀቂ ብይ።»

ይህን ድስት እኔ አላውቀውም ነበር። እናቴ በጾም ቀን እነሱ ቤት ስትበላ ከምን እንደምትበላ አስቤ አላውቅም። እትዬ ዘሀራ ለሷ፣ እሷ ለእትዬ ዘሀራ፣ በተለየ ድስት ሲያበስሉ ኖረዋል። ሽሮው ቀርቦ «በይ እንጂ» አሉኝ። ዘንቢሌን በሩ ጀርባ ደብቄዋለሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በግድ ዋጥኩና ነገ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ያን ሌሊት መደብ ላይ ነው የተኛሁት። በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ በክር ነው የሚያያዝ።

ረቡዕ

ሰሚራ ሥራ እንደሄደች ድስቱን አውጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። ክሩን በጣታቸው ዳብሰው አወቁት። «የኔ ድስት!» ብለው ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ነው ይበልጥ ያስጨነቀኝ።

ነገርኳቸው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የግንቦት ልደታ ዕለት ነው፤ በኛ ሰፈር ቀኑ በየደጁ ተወጥቶ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ በግ ታርዶ የሚከበር ነው። ሁለት በግ ታርዷል፣ አንዱን ጋሽ ሰይድ አርደዋል። እናቴ ደጅ እንግዳ ልታስተናግድ «ቀይ ክር ያለውን እያማሰልሽ ጠብቂ» ብላኝ ወጣች። እኔ ሱዚ የሚዘሉ ልጆች ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ስመለስ ድስቱ ከሥሩ እስከ አፉ አሯል። የኛን ሳይሆን የነሱን ነው ያሳረርኩት። ያረረውን ከአጥር ጀርባ ለውሻ ደፋሁ፣ ድስቱን ፈገፈግሁ፣ ከዚያ ከኛ ድስት፣ ክርስቲያን ካረደው፣ እየጨለፍኩ ሞላሁት። እናቴ ገብታ አንስታ ወሰደችው። «ብሉ፣ የናንተው ነው» አለች። በሉ። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ታጥበው ሲወጡ ራሴን ዳብሰው «አላህ ያሳድግሽ» ብለው መረቁኝ።

ለምን አልተናገርኩም? ዱላ ፈርቼ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ቤቶች ከዚያ ወዲያ አብረው የማይበሉ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ሳምንት አለፈ፣ አንድ ዓመት አለፈ፣ ከዚያ መናገር የማይቻል ነገር ሆነ። እናቴ ለዓመታት በዚያው ድስት ሠርታ በዚያው ቃል አቀረበች።

እትዬ ዘሀራ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«አስኩ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ሳታውቅ ነው የሞተችው።»

«እንግዲያስ አስኩ አልዋሸችኝም» አሉ። ቀጥለውም፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፦ «የአስኩ ወጥ ሁልጊዜ ጨው ያንሰዋል። እኛ ያረድነውን አትቀምስማ፣ በምን ትለካዋለች። እኛም ያንኑ ለምደን እንበላለን። አንድ የግንቦት ልደታ ሰይድ ‹ዛሬስ ጨዉ ልክ መጣ› ብሎኝ ነበር። ሲገርመኝ ኖሯል።» ከዚያ ተነሱና ውዱእ አድርገው ለሶላት ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ድስቱን ዞረውት አልፈው መደቡ ላይ ጋደም አሉ።

ያን ቀን ልደታ ማርያም ለቅዳሴ ሄጄ ጃንጥላ ይዤ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ጸሎቱ አልገባ አለኝ። ጋሽ ሰይድ ሞተዋል፤ የሳቸውን ማን ይቅር ይለኛል? ማታ ስመለስ ሰሚራ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ያለ እህት ያደግኩ ስሆን እህቴ የምላት እሷን ነው፤ ፊቷ ግን ተለውጧል።

«ነገረችኝ። ምሳም ራትም አልበላችም» አለችኝ። «ገኒ፣ ለምን አሁን? አንቺ ቀለለሽ፣ እሷን ከበዳት። ለሷ የቀራት እኮ የእናትሽ ትዝታ ነው።»

ልክ ነበረች። ሻንጣዬን ሰብስቤ በጠዋት ልሄድ አሰብኩ። ሌሊቱን በሩ በክር በተያያዘበት ቤት ስገላበጥ አደርኩ፤ ለዚህ ደግሞ መቀርቀሪያው ጥፋት የለውም።

ሐሙስ

የመልሱን መንገድ አስቀድሜ በአጭሩ ልንገራችሁ፣ የሚነገር ስለሌለው። ዓርብ ጠዋት ተሳፈርኩ፣ ሞጆ ላይ ጎማ ፈነዳ፣ ለሁለት ሰዓት ቆምን፣ ሐዋሳ ስደርስ ፀሐይ ነበር። ድስቱ እግሬ ሥር ነበር። ረዳቱ ሌላ ስለነበር ማንም አልሳቀብኝም። ልጨርስ የምፈልገው ግን በሐሙስ ቀትር ነው።

ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ልሰናበት ስገባ እትዬ ዘሀራ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። «አስቀምጪው» አሉኝ፣ በጣታቸው ሻንጣውን እያሳዩ። «ድስቱን እጠቢ። ሦስት ጊዜ፣ በሙቅ ውሃ።» አጠብኩ። አምጪው አሉ፣ ሰጠኋቸው። የበለዘውን ክር በጥርሳቸው በጥሰው ጣሉት። ከጋሽ ሰይድ የክር ቆርቆሮ ውስጥ፣ አሁንም መሳቢያቸው ውስጥ አለች፣ አዲስ ቀይ ክር መዘዙ። ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠግተው አሰሩት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቋጠሮው ሦስተኛው ላይ ነው የያዘ። ልረዳቸው እጄን ብዘረጋ መቱኝ።

ጋሽ ከድር ተልኮባቸው ኖሮ ዶሮ ይዘው መጥተው ደጅ ላይ «ቢስሚላህ» ብለው አረዱ። እትዬ ዘሀራ ዶሮዋን በሳህን ለኔ አቀበሉኝ።

«አንቺ ሥሪልኝ» አሉ።

ሰሚራ ምሳ ለመብላት መጥታ ነበር፤ ወደ ማጀት ተከትላኝ ልትገባ ስትል «አንቺ እዚህ ተቀመጪ» አሏት። ከዚያ በርጩማቸውን አስነስተው ከማጀቱ በር ፊት አዙረው ጀርባቸውን ለኔ ሰጥተው ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ያህል ሠራሁ፣ አንድም ጊዜ ዞር አላሉም። ከጋሽ ከድር ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ በረንዳው ቆርቆሮ ያወራሉ። እኔ ሽንኩርቱን እያቁላላሁ አለቀስኩ፤ ሽንኩርቱ ጥሩ ምክንያት ሆነኝ። አንድም ጊዜ ከድስቱ አጠገብ አልራቅሁም። ሱዚ የሚዘሉ ልጆች ቢመጡም አልወጣም ነበር።

ወጡን አቀረብኩ። እናቴ ትል እንደነበረው ማለት ፈልጌ ድምፄ እምቢ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ «ይብሉ፣ የናንተው ነው» አልኩ።

«የኔን አፉ ብያለሁ» አሉኝ እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ ይቅር ብያለሁ ማለታቸው ነው። «ሰይድ ሳያውቅ የበላው ነው፣ አላህ አይጽፍበትም። ግን በራስሽ ጸሎት ለምኚለት። እንግዲህ ይህን ድስት ይዘሽ ሂጂ። ሐዋሳ ስመጣ በምን ልታበይኝ ነው?»

ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። እኔ ጾመኛ፣ ዶሮዋም የኔ ያልሆነች፣ ጨዉን በግምት ነው የጨመርኩት። ቀስ ብለው አኘኩ። ሰሚራ፣ ጋሽ ከድር፣ እኔ፣ ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። ዋጡና በማይታየው ዓይናቸው በኩል ዕንባ ወረደ።

«ጨው አንሶታል» አሉ፣ ሁለተኛ እየጎረሱ። «የአስኩ ነው።»